ሰማንያ አራት ምት

ጥር 13 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከባኮ ወዲያ

ለተከበሩ አክስቴ ለአዳዳ ባየሽ
ባሉበት ጎተንበርግ

በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አካም ጅርቱ አዳዳ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ልጅዎ ሮቤራና ባለቤቱ፣ ልጃቸው ትንሿ ሄቨን ደህና ናቸው? እኔ፣ ስሙ ይባረክ፣ ደህና ነኝ።

ይህን መግቢያ ያስጻፉኝ የጤና ጣቢያችን ዘበኛ ናቸው። በዕድሜዬ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። "ሃይ አዳዳ" ብዬ ልጀምር ስል "አክስትሽ ናት ወይስ ጓደኛሽ?" ብለው ተቆጡኝ። በአፋን ኦሮሞ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ ግን እርስዎ በቁቤ ማንበብ እንደሚሰለችዎት አውቃለሁ። እጄም ብዕር ከያዘ ስለቆየ ከሁለት መስመር በኋላ ጣቴን ያመኛል።

በዚህ በኩል ኔትወርክ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። እንደሚያውቁት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ከተመረቅኩ ገና ስምንት ወሬ ነው፤ የተመደብኩበት ጤና ጣቢያ ደግሞ ከአስፋልቱ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ኃላፊያችን ሰይፈዲን ለስብሰባ አምቦ እንደሄደ መንገዱ አስቸግሮት አልተመለሰም። ብቻዬን ነኝ። ይህን ደብዳቤ በገበያ ቀን አስፋልት ወርጄ ለባኮና አምቦ አውቶቡስ ሹፌር ለአቶ ይገዙ እሰጣለሁ፤ እሳቸው አምቦ ለእህቴ ለደራርቱ ያደርሳሉ፤ እሷ ፎቶ አንስታ ወደ ሮቤራ ስልክ ትልከዋለች። የእርስዎንም መልስ አትማ በዚሁ መንገድ ትልክልኛለች።

የምጽፍልዎ ለችግር ነው። የጽንስ የልብ ምት የሚያሰማን የእጅ ማሽን፣ ዶፕለር የምንለው፣ ቻርጀሩ ተቃጥሎ ሞቷል። መሳቢያ ውስጥ ከእንጨት የተሠራች፣ አጭር ጡሩምባ የምትመስል ማዳመጫ አለች፤ እርስዎ በአምቦና በጊንጪ ሠላሳ አራት ዓመት የሠሩባት ዓይነት ትመስለኛለች። እኛ ትምህርት ቤት ሳለን አሻንጉሊት ላይ አስቀምጠን ፎቶ ተነስተንባታል። ከዚያ ወዲያ ማን ይነካታል፤ ማሽኑ ቁጥሩን ራሱ ይጽፍልን ነበር። አሁን ጆሮዬን ስደቅንባት የገዛ ጆሮዬ ሲጮህ እንጂ ሌላ አይሰማኝም። ስለዚህ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው አንድ ማሽን ይላኩልኝ።

የቸኮልኩት በሴና ምክንያት ነው። ሴና የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ኩምሳ የሚባል የበቆሎ ገበሬ ሚስት። አምና የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ተወለደ። አሁን የሰባት ወር ተኩል ነፍሰ ጡር ናት። ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። "ወደ ታች፣ ከእምብርቴ በታች ይረግጠኛል" ትላለች፤ ርግጫውን ግን አታምነውም፤ የፊተኛውም እስከ መጨረሻው ቀን ይራገጥ ነበር። "ሲስተር፣ አንቺ ልቡን ሰምተሽ ንገሪኝ" ነው የምትለው። ባለፈው ሐሙስም መጥታ ነበር። ደህና ነው አልኳት፤ ደስ ብሏት ሄደች።

ጌታ ዕድሜዎን ያርዝምልን።

የወንድምዎ ልጅ ዶርቃስ


ጥር 23 ቀን 2012 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

ይድረስ ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ ለዶርቃስ

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ። ያሳደገሽ አምላክ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ብርዱ ነው እንጂ ሌላው ተመስገን ነው።

ደብዳቤሽን ሮቤራ በስልኩ እያሳየኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፊደልሽ በየመስመሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ዳገት ላይ ተቀምጠሽ ነው የጻፍሽው? ጣቴን አመመኝ ያልሽው ግን ብቻዬን አሳቀኝ። እኔ ጊንጪ ሳለሁ በቀን ስልሳ ካርድ በእጄ ጽፌ፣ ማታ ደግሞ ለአባትሽ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ዘበኛችሁን አመስግኝልኝ፤ ደግ አድርገው ተቆጥተውሻል።

ስለ ማሽኑ ለሮቤራ ነግሬዋለሁ። እናያለን ብሏል።

እስከዚያው ያቺን እንጨት አትናቂያት። መጀመሪያ እጅሽን አሙቂ፤ ቀዝቃዛ እጅ ሆድ ያኮማትራል። ሴትየዋን በጀርባዋ አስተኝተሽ ጉልበቷን እንድታጥፍ አድርጊ። ወዲያው ጆሮ አይደቀንም፤ ሆዱ አስቀድሞ በእጅ ነው የሚታየው። በሁለት መዳፍሽ ቀስ ብለሽ ዳብሺ፤ በአንድ ወገን ረዘም ጠንከር ያለ ነገር ታገኛለሽ፣ ያ የልጁ ጀርባ ነው። በሌላው ወገን ጎርበጥ ጎርበጥ የሚለው እጅና እግሩ ነው። ማዳመጫዋን ጀርባው ባለበት በኩል አስቀምጪ፣ ጆሮሽን አጥብቀሽ ግጠሚባት፣ ከዚያ እጅሽን ከእንጨቱ ላይ አንሺ። ካላነሳሽ የምትሰሚው የራስሽን ጣት ነው። መስኮቱ ይዘጋ፤ ሰዉም ዝም ይበል። የሴኮንድ ቆጣሪ ባለው ሰዓት አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ፤ ግማሽ ቆጥረሽ በሁለት እንዳታባዢ። መጀመሪያ ቀን ላትሰሚ ትችያለሽ። እኔ የሰማሁት በሳምንቴ ነው፤ ያስተማሩኝ ሲስተር ጆሮዬን ይዘው ነበር የሚጎትቱኝ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ማሽኑ ሞቷል ብለሻል፤ እንጨቷም አልሰማ ብላሻለች። ታዲያ ሴናን ደህና ነው ያልሻት በምን ሰምተሽ ነው?

እግዚአብሔር ጉልበት ይስጥሽ።

አክስትሽ ባየሽ


የካቲት 3 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከባኮ ወዲያ

የተከበሩ አዳዳ፣ ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ይድረስዎ። ዛሬ ግን ቸኩያለሁ፤ ሰማሁ! አዳዳ፣ ሰማሁ!

ሐሙስ ሴና መጣች። እንዳሉኝ እጄን አሙቄ ዳበስኳት፤ የትኛው ጀርባ የትኛው እግር እንደሆነ በደንብ አልለየሁትም፣ ግን በግራ በኩል ወደ ታች እንጨቷን አስቀምጬ እጄን ሳነሳ አንድ ነገር ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ አለኝ። እንባዬ መጣ። ሰዓት ስለሌለኝ ስልኬን በሶላሩ ሞልቼ በእሱ ቆጠርኩ። ሰማንያ አራት! በመጽሐፉ ከመቶ ሃያ እስከ መቶ ስልሳ መሆን አለበት፤ ግን ጀማሪ ስለሆንኩ ግማሹ አምልጦኝ ነው ብዬ ካርዷ ላይ መቶ አርባ ጻፍኩ። ማሽኑ ቢኖር እንደዚያ ነበር የሚለው።

ኩምሳም አብሯት መጥቶ ነበር። "በሰኞው አውቶቡስ ባኮ ልውሰዳት ይሆን? አጎቴ ቤት ተቀምጣ ሆስፒታል ትውለድ" ሲለኝ "ምን አስጨነቀህ፣ ልጁን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ" አልኩት። በማግስቱ ማር ይዞልኝ መጣ። ሰው ሁሉ አሁን "ሲስተር በእንጨት ትሰማለች" እያለ ነው።

ሌላው ሥራ እንዳለ ነው። መብራት ስለሌለ የማዋለጃ ዕቃ የምቀቅለው በእንጨት እሳት ነው፤ እሳት ማንደድ አቅቶኝ ዓይኔ እስኪያብጥ ሳራግብ የሚጠብቁት እናቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ። ጥርስ ያመመውም፣ የተፈነከተውም ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ለሁሉም ሰይፈዲን እስኪመጣ እላለሁ። ሰይፈዲን ግን አይመጣም። አንዳንድ ቀን ከግቢው ወጥቼ ዝም ብዬ ወደ አስፋልቱ ልሂድ ያሰኘኛል፤ ሄጄስ?

ማሽኑ ይቅር፤ አያስቸግሩ። የሴኮንድ ቆጣሪ ያለው የእጅ ሰዓት ብቻ ቢልኩልኝ ይበቃኛል።

ዶርቃስ


የካቲት 13 ቀን 2012 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

ዶርቃስ፣ ሰላምታው ይቆይ።

ሰማንያ አራት የልጁ አይደለም። የሴና የራሷ ልብ ነው። አላመለጠሽም፤ በትክክል ቆጥረሻል፣ የቆጠርሽው ግን እናቲቱን ነው። የልጅ ልብ ይሮጣል፤ ስትሰሚው ለመቁጠር ያስቸግርሻል። እንጨቷን ስትደቅኚ በሌላው እጅሽ የእናቲቱን የእጅ አንጓ ይዘሽ የደም ምቷን ታያለሽ፤ ሁለቱ እኩል ከሄዱ የሰማሽው እሷን ነው። ይህን አልጻፍኩልሽም። ሠላሳ አራት ዓመት እጄ ሳላዘው እያደረገው፣ መነገር ያለበት ነገር መሆኑን ረሳሁት።

ልጁ ሞቷል ማለቴ አይደለም። ይራገጣል ብላሻለች እኮ። የት ነው የሚረግጠኝ ያለችሽ? ከእምብርቴ በታች። እግሩ ታች ከሆነ ራሱ ወደ ላይ ነው፤ በመቀመጫው ሊመጣ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ላይ አለ። እሷ ነገረችሽ፣ አንቺ ጻፍሽልኝ፣ እኔ አነበብኩት፤ ሁለታችንም አልሰማናትም።

አሁኑኑ ጥሪያት። ከጎድን አጥንቷ ሥር በሁለት ጣትሽ ያዝ አድርጊ፤ ክብ፣ ጠንካራ፣ ወዲያ ወዲህ የሚል ነገር ካለ ራስ ነው። ልቡን ከእምብርቷ በላይ ፈልጊ። ከዚያ በመጀመሪያው አውቶቡስ ባኮ ሆስፒታል ትሂድ። አንቺ ብቻሽን የምትይዢው ምጥ አይደለም። ሳትሄድ ምጥ ቢመጣ ግን አንድ ነገር ብቻ ያዢ፤ አትጎትቺ። መቀመጫው ሲወጣ እጅሽን ሰብስበሽ ጠብቂ፤ እናቲቱ ትግፋ። ክንዱ ወደ ላይ ቀርቶ እንደሆነ በጣትሽ አውርጂው እንጂ ልጁን አትሳቢ።

ይህን ከስድስት ቀን በፊት ልጽፍልሽ በቻልኩ ነበር። ደብዳቤሽ ሮቤራ ስልክ ውስጥ ስድስት ቀን ተኝቷል። ሥራ ይበዛበታል፣ ረሳው፤ አልፈርድበትም። እኔ ስልክ ከፍቶ ማየት አላውቅም። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ እኔ ምንም አላውቅም። የሕንፃው በር በቁጥር ይከፈታል፣ አውቶቡሱ በስልክ ይከፈላል፣ ሐኪም ጋ ቀጠሮ የሚያዘውም በስልክ ነው። ከአምስተኛ ፎቅ ብቻዬን ወርጄ አላውቅም። ማሽኑን ሦስት ጊዜ ለምኜው እናያለን ብሎኛል። ሰዓቱም አይመጣልሽም፤ አትጠብቂ። ይህን ቀደም ብዬ ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው።

ፍጠኚ ልጄ።

ባየሽ


የካቲት 25 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከባኮ ወዲያ

የተከበሩ አዳዳ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሴና በወለደች በአራተኛው ቀን ነው። መንገዱ ተዘግቶ አቶ ይገዙ አሥር ቀን ጌዶ ላይ ቆመው ነበር። "እህትሽ አስቸኳይ ነው ብላለች" ብለው በመስኮት ሰጡኝ። አስፋልቱ ዳር ተቀምጬ አነበብኩት።

ልጅቷ በሕይወት አለች። ይህን ላስቀድም።

ከቀትር በኋላ አራት ሰዎች ሴናን በቃሬዛ አመጧት። ምጧ ገፍቶ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ራስ ሳይሆን መቀመጫ ነው። ቪዲዮውን ትምህርት ቤት አይቼዋለሁ፤ ስልኬም ላይ አለ። ጓንት እንዳጠለቅኩ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ትዝ ይለኛል፤ ስልኩ ቻርጅ አልነበረውም። እስከ ትከሻዋ ወጥታ ቆመች። ሴና ትጮሃለች፣ የኩምሳ እናት ከበር ላይ ትጸልያለች። ፈራሁ አዳዳ፤ ጎተትኩ። ቀኝ ክንዷ ወደ ላይ ቀርቶ ነበር፤ አላወቅኩም፤ ደግሜ ጎተትኩ። ወጣች። አለቀሰች። ሁሉም እልል አሉ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ሲያጥቧት ነው ያየሁት። ግራ እጇን ታወናጭፋለች፤ ቀኙ ከጎኗ ተዘርግቶ ይቀራል። ሲያነሱት ይወድቃል። የኩምሳ እናት "ማኅፀን ውስጥ ተኝታበት ነው፤ የዋቀዮ ሥራ ነው፣ ዋናው ነፍሷ" አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ። እኔም "ሊሆን ይችላል" አልኩ።

በማግስቱ ኩምሳ መጥቶ ልጅቷን ዶርቃስ እንዳላት ነገረኝ። "አንቺ ባትኖሪ ይህችም ታመልጠን ነበር" አለኝ። እጄን ሳመው። ያንን እጄን።

በጥር አንድ ነገር ጠይቀውኝ ሳልመልስልዎ ቀርቻለሁ። ሴናን ደህና ነው ያልሻት በምን ሰምተሽ ነው ብለው ነበር። በምንም። የሞተውን ማሽን ሆዷ ላይ አድርጌ፣ ትንሽ ጠብቄ፣ ደህና ነው አልኳት። አልችልም ማለት አሳፈረኝ። ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር።

አሁን ጠዋት በሩን ስከፍት ተሰልፈው ይጠብቁኛል፤ ሁሉም ይመርቁኛል። ከዚህ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ሰይፈዲን ካልመጣ በሩን ለማን ጥዬ እሄዳለሁ? በየመንገዱ ስሜ ሲጠራ ዞር እላለሁ፤ የሚጠሩት ሕፃኗን ነው። ማሽንም ሰዓትም አልፈልግም፣ ምንም አይላኩ። ይህን ብቻ ይንገሩኝ፤ ዝም ብል ኃጢአት ነው?

ዶርቃስ


የካቲት 28 ቀን 2012 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

ኢንተላ ኮ፣ ሰላም ለአንቺ፤ ለዚያች ሕፃንም ሰላም።

ደብዳቤሽን በደረሰበት ቀን ራሴ ከፍቼ አነበብኩት። ሄቨንን ስልክ አስተምሪኝ ብያት ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስሳሳት ጣቴን ትመታኛለች። ሮቤራም አሮጌ ስልኩን ሰጠኝ። ከእንግዲህ በማንም በኩል አትጠብቂኝ።

የኃጢአቱን ነገር ለጌታ ተዪው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ስለ ክንዱ ልንገርሽ። ነርቩ ተለጥጦ ነው። ካልተበጠሰ ይመለሳል፤ ብዙዎቹ ይመለሳሉ፣ ሁሉም አይደሉም። አሥር ቀን ይረፍ። ከዚያ ጡት ባጠባቻት ቁጥር ክንዱን ከትከሻው ቀስ አድርጋ ታንሳው፣ ክርኑን ትጠፈው ትዘርጋው፣ መዳፉን ትገልብጠው። ለወራት። ይህን የምታደርገው አንቺ አይደለሽም፤ ሴና ናት። ዝም ከተባለ መገጣጠሚያው እንዳለ ይደርቃል። መንገድ እንደተከፈተ ደግሞ አምቦ ሆስፒታል ትታይ።

እንግዲህ አስቢው። የዋቀዮ ሥራ ነው ብላ የተቀበለች እናት ያንን ክንድ ትነካዋለች? በጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች እንጂ። እንድትነካው እንዴት እንደተጎዳ ማወቅ አለባት። ምጥ ነው የጎዳት ብለሽ ማምለጥ ትችይ ይሆናል። ግን ነገ ይህን አድርጊ፣ ያንን አታድርጊ ስትያት ልታምንሽ ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜ በውሸት እንድታምንሽ ትፈልጊያለሽ?

ተቆጥቼሻለሁ፤ አልደብቅሽም። መቶ አርባ ብለሽ የጻፍሽው ከጎተትሽው ይልቅ ያናድደኛል። ስትጎትቺ ፈርተሽ ነበር፤ ስትጽፊ ግን አልፈራሽም። ያም ሆኖ ከልቤ አልወጣሽም። የእኔንም ድርሻ ንገሪያት፤ የእጅ አንጓውን ነገር ሳትጽፍልኝ የቀረች አሮጊት አክስት አለችኝ በያት።

ባየሽ


መጋቢት 13 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከባኮ ወዲያ

የተከበሩ አዳዳ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ነገርኳት። ሐሙስ ለክትባት ስትመጣ በሩን ዘግቼ ከማሽኑ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ መቶ አርባው፣ ስለ ባኮው፣ ስለ መጎተቴ። የእርስዎንም ድርሻ አልተውኩም፤ ክንዱን እሷ ራሷ ማንቀሳቀስ እንዳለባትም ነገርኳት።  ስጨርስ ሴና ልጇን አዘለች፤ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ሳምንት ሙሉ ማንም አልመጣም። በሩን እከፍታለሁ፣ ቁጭ እላለሁ፣ እዘጋለሁ። ኩምሳ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ዞር ብሎም አያየኝ። ዘበኛው "ምን አደረግሻቸው?" ብለው ጠየቁኝ፤ ለእሳቸውም ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ያን ቀን አላነጋገሩኝም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ክንዱ የሚያርፍበት አሥር ቀን ማለፉ ነበር። ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄድኩ። የኩምሳ እናት ከአጥሩ በር ላይ መለሱኝ። ከውስጥ ሕፃኗ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ ክንዱን ነክታው ይሆን፣ ጠቅልላው ይሆን እያልኩ ያንን መንገድ እንዴት እንደተመለስኩት አላውቅም።

ትናንት ጠዋት ሴና ሕፃኗን አዝላ ብቻዋን መጣች። ወንበር ብሰጣት አልተቀመጠችም። ሕፃኗን ልቀበላት እጄን ዘርግቼ "ዶርቃስ እንዴት ናት?" አልኳት።

"ስሟ ሮሆቦት ነው" አለችኝ።

  ሕፃኗን አውርዳ አልጋው ላይ አስተኛቻት፤ ቀኝ ክንዷን ከጨርቁ አወጣች።

"በይ አሳዪኝ" አለች።

አሳየኋት። ትከሻውን፣ ክርኑን፣ መዳፉን። ሦስት ጊዜ አየች። በአራተኛው እጄን ገፋ አድርጋ ራሷ ጀመረች።

ዶርቃስ